ለጢስ መውጫ፥ ለነፋስ መግቢያ
በደብረ ታቦርና በደቡብ ጐንደር ደጋ ላሉ መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች ስለ ቤት አየር የተዘጋጀ ንግግር



ሰው እህል ሳይቀምስ ብዙ ቀን ሊሰነብት ይችላል፤ ውኃ ሳይጠጣም ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ሳይተነፍስ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቆየት አይችልም። እንዲህም ሆኖ ሳለ ሰው የሚጨነቀው ለእህሉና ለውኃው ነው። እህሉን ከነቀዝ ይጠብቃል፥ ያበጥራል፥ ይነፋል፤ ውኃውን ከጠራ ምንጭ ይቀዳል፤ አየሩን ግን በዓይኑ ስለማያየውና በገንዘቡ ስለማይገዛው ንጹሕ ይሁን ወይም የተበላሸ ይሁን አይጠይቅም።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ አንድ ነው። እሳት የሚነድበትና ሰው የሚያድርበት ቤት ሁሉ ሁለት መንገድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ንጹሕ አየር የሚገባበት፥ ሁለተኛው የሞቀውና የተበላሸው አየር ከበላይ የሚወጣበት ነው። ቀድሞ የሣር ክዳን የመውጫውን ሥራ ማንም ሳያዝዘው በጥቂቱ ይሠራ ነበር፤ ቆርቆሮ በተተካበት ቤት ግን ባለቤቱ አስቦ ካላበጀው በቀር የሚሠራለት የለም።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ የተቈረቈረች ከተማ ናት። በአጠገቧ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በፋርጣ፥ በእስቴ፥ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት የሚኖረው ደገኛ፥ በሐምሌና በነሐሴ ዝናሙና ጉሙ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ስለሚጸናበት፥ ፀሓይ ስትጠልቅ በሩን ዘግቶ እሳቱን ከብቦ ይቀመጣል። ይህን ማድረጉ አለማወቅ አይደለም፤ ብርድ ለሕፃንና ለአረጋዊ ክፉ ጠላት ነውና። ስለዚህ ለደገኛ ስለ አየር የሚናገር ሰው አስቀድሞ ብርዱን ማሰብ ይገባዋል። «መስኰት ክፈቱ» ብሎ ብቻ የሚሄድ መካሪ ምክሩ እስከ ማታ ድረስ አይቆይም፤ ሲመሽ መስኰቱ ተመልሶ ይዘጋልና።

አባቶች ሲሠሩት የኖሩት ክብ ቤት ግድግዳው በእንጨት ቆሞ በጭቃ የተመረገ ወይም በድንጋይ የተካበ፥ ክዳኑም ሣር ነው። እሳቱ በሦስት ጉልቻ መካከል ይነዳል። ለጢሱ ተብሎ የተተወ መውጫ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ከክዳኑ ሥር ይከማችና በሣሩ መካከል እየሾለከ ይወጣል። በማለዳ ከኮረብታ ላይ ሆኖ መንደሩን የሚመለከት ሰው ከየቤቱ ክዳን ላይ ጢሱ እንደ ጉም ሲተን ያያል። ስለዚህ የሣር ክዳን ዝናሙን የሚያስቀር፥ ጢሱን ግን የሚያሳልፍ እንደ ወንፊት ያለ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሲባል ግን የሣር ቤት ከጢስ ጉዳት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በጣራው ውስጥ ያለውን ወራጅና ማገር የሚያጠቁረው ጥቀርሻ በሰው ሳንባም ይገባል። እንጀራ በምጣድ ስትጋግር የምትውል እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ከቤተ ሰቡ ሁሉ የበለጠ ጢስ ይስባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 ዓመት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በቤት ውስጥ ከሚነድ እሳት በሚወጣው የተበላሸ አየር ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ይኸው ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ በጢስ ውስጥ የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙ አደጋ ወደ እጥፍ ይጠጋል። (ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

አሁን ደግሞ በከተማም በገጠርም ሣሩ እየቀረ በቆርቆሮ መክደን ተለምዷል። ቆርቆሮ መልካም ነገር ነው፤ እሳት አይበላውም፥ በየጊዜው አይታደስም፥ ዝናም አያፈስም። ነገር ግን ዝናም የማያፈስ ክዳን ጢስም አያሳልፍም። ባለቤቱ በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ያለውን ክፍት ስፍራ ብርድ ያስገባል ብሎ በጭቃ ይደፍነዋል፤ ከውስጥ ኮርኒስ ይወጥራል፤ በሩንም በሚገባ ያስገጥማል። ቤቱ ከአባቱ ቤት ይልቅ ያማረና የጠበቀ ይሆናል። ልማዱ ግን የአባቱ ልማድ ነው፤ እሳቱን ከቤት ውስጥ አንድዶ በሩን ይዘጋል። ቤቱ ተለውጦ ልማዱ ሳይለወጥ ሲቀር ያን ጊዜ አደጋው ይበረታል።

የአደጋውን ምክንያት ለመረዳት የአየርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አየር አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ከመቶ እጅ 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን፥ 21 እጅ ያህሉ ኦክስጅን ሲሆን፥ የቀረው ጥቂት ልዩ ልዩ ነገር ነው። ለሰውም ለእሳትም ሕይወት የሚሆነው ኦክስጅን ነው። አንቷን ላቯዝዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1780ዎቹ ዓመታት መርምሮ እንዳሳየው፥ የሰው መተንፈስና የእንጨት መንደድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ኦክስጅንን ይወስዳሉ፥ ሁለቱም ሙቀትን ይሰጣሉ፥ ሁለቱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ያወጣሉ። እንግዲህ በተዘጋ ቤት ውስጥ ያሉ ሰውና እሳት ከአንድ ገበታ እንደሚበሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ገበታው ካልተጨመረበት ሁለቱም ይራባሉ።

በደጋ አገር ደግሞ ገበታው ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። በደብረ ታቦር ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል። የደጋ ሰው አካል ይህን ለምዶት በጤና ይኖራል፤ ነገር ግን ቈላ ያለ ሰው አየሩን ቢያባክን የሚተርፈውን ያህል ለደገኛ አይተርፈውም።

እሳት አየር እንደሚፈልግ የዚህ አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች መድፍ ያቀልጡ ነበር፤ ወደ መቅደላ የተጐተተው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም በዚያ ተሠራ። ትልቁን መድፍ ያቀለጠም ሆነ ማረሻ የሚያበጅ የመንደር ቀጥቃጭ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ወናፉ ካልነፋ ፍሙ አይግልም። አየር ያነሰው እሳት ይጨሳል እንጂ አይነድም። በጠባብ ቤት ውስጥ የሚጨሰው ምድጃም እንዲሁ አየር ስላነሰው የሚጨስ ነው። ስለዚህ አየር ማስገባት እሳቱን ያጠፋዋል ተብሎ አይታሰብ፤ ያጠራዋል እንጂ።

ከጢስ የሚብስ ሌላ ጠላት ደግሞ አለ፤ እርሱም የከሰል እሳት ነው። ጢስ ዓይን ስለሚያቃጥልና ስለሚያስል ሰው ይሸሸዋል። ከሰል ግን ቀልቶ ሲያበቃ ጢስ የለውም፥ አይሸትም፥ ዓይን አያስለቅስም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ከውጭ አቀጣጥሎ ጢሱ ካለቀ በኋላ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ቢያስገባ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የቀላ ከሰል በሚነድበት ጊዜ ሁሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ መልክም ሽታም ጣዕምም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመውን ሔሞግሎቢን የተባለውን ክፍል ኦክስጅን ከሚይዘው ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ደሙም ኦክስጅን ለመሸከም ስፍራ ያጣል። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አካሉ አየር ያጣል ማለት ነው።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፥ የጉልበት መድከም፥ ከዚያም ከባድ እንቅልፍ ናቸው። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ እንቅልፍ ነው፤ የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው ወጥቶ ሊድን ይችላል፥ የተኛ ሰው ግን ሕመሙን ሳያውቀው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ያልፋል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን አሟቸው፥ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፥ የምግብ ወይም የብርድ ሕመም ነው ተብሎ አይታለፍ፤ አስቀድሞ እሳቱ ይጠርጠር። ማታ በአመድ የተዳፈነ ፍምም ቢሆን በዝግታ እየነደደ ይህንኑ መርዝ ያወጣልና በተዘጋ መኝታ ቤት ሊያድር አይገባውም።

በከሰል የታፈነ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ የሚደረገው ይህ ነው። የሚረዳው ሰው አስቀድሞ በሩንና መስኰቱን ወለል አድርጎ ይክፈት፤ ራሱም በዚያ ውስጥ አይዘግይ፤ ስንቱ አዳኝ ከሚድነው ጋር ወድቋልና። የታፈነውን ሰው ፈጥኖ ወደ ነፋሻ ስፍራ ያውጣው፤ ማንደጃውንም ሌላ ሰው ያውጣ። ራሱን የሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ በአፉ አይጨመርበት፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋልና። ትንፋሹ የቆመ ከሆነ ሰው ሠራሽ ትንፋሽ መስጠት የተማረ ሰው ይርዳው። ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ነቅቶ ተሻለኝ ቢልም እንኳ ይታይ፤ የዚህ መርዝ ጉዳት ዘግይቶ የሚመለስበት ጊዜ አለና።

እሳት በሌለበት ቤት እንኳ ብዙ ሰው ከተሰበሰበ አየሩ ይበላሻል። ይህ ነገር በተለይ ለትምህርት ቤት ይገባል። ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የተባለው የጀርመን ሊቅ በሙኒክ ከተማ የቤትን አየር ሲመረምር ቆይቶ በ1858 ባሳተመው ሥራው፥ በክፍል ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጅ ከአንድ እጅ በላይ ሲሆን ያ አየር ለሰው መኖሪያ መልካም አይደለም ብሎ ወሰነ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚህ መጠን መርዝ ሆኖ አይደለም፤ አንዱ ሰው ሌላው ያወጣውን ትንፋሽ ምን ያህል መልሶ እንደሚስብ የሚያሳይ ምልክት ስለ ሆነ ነው። በ1882 ደግሞ ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ተሕዋስ አገኘ፤ ይህም ሕመም ከበሽተኛው ሳል ጋር ወጥቶ በተዘጋ ቤት አየር ውስጥ ተንሳፎ እንደሚቆይና ሌላው ሲተነፍሰው እንደሚተላለፍ ከዚያ ወዲህ በሚገባ ታወቀ። በ2020 በዓለም ሁሉ የተስፋፋው ኮቪድ ይህንኑ ትምህርት እንደ ገና አስተማረ።

መምህሩ ይህን በሒሳብ ትምህርት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ሊያሳየው ይችላል። ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ስፋቱ 7 ሜትር፥ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 168 ሜትር ኩብ ወይም 168,000 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ተማሪዎች ቢኖሩበትና እያንዳንዱ በሰዓት 12 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያወጣ በጠቅላላው 600 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ከሺህ እጅ ከ3 እጅ ተኩል ይበልጣል። የውጭው አየር ከሺህ እጅ አንድ ግማሽ እጅ እንኳ የማይሞላ አለው። እንግዲህ በርና መስኰቱ ፈጽሞ የተዘጋ ክፍል ፔተንኮፈር የወሰነውን ልክ በ10 ደቂቃ ያህል ያልፋል። በእርግጥ የትኛውም ክፍል ስንጥቅና ቀዳዳ ስለማያጣ ጊዜው ይረዝማል፤ ነገር ግን ከቀትር በፊት ተማሪዎቹ ሲያዛጉና ሲያንቀላፉ የተመለከተ መምህር ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ስንፍና ከማሳበቡ በፊት መስኰቱን ይመልከት።

እንግዲህ የቀረው ጥያቄ አየሩን እያስገቡ ብርዱንና ዝናሙን ማስቀረት የሚቻለው እንዴት ነው የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የተቸገሩት መርከበኞች ናቸው። በጣና ላይ የሚሄደው የደንገል ታንኳ ክዳን ስለሌለው ቀዛፊው አየር አይቸግረውም። በሰፊው ባሕር የሚሄድ ትንሽ መርከብ ግን ሰዎቹ የሚተኙባት የተዘጋች ጠባብ ክፍል አለችው፤ በውስጧም ምግብ ይበስላል፥ እርጥብ ልብስ ይሰጣል፥ ሰው ያድራል፤ ከፍተው እንዳይተዉአት ማዕበሉ ይገባል። ስቴፈን ሔልስ የተባለው የእንግሊዝ ቄስና የተፈጥሮ ሊቅ በ1743 ስለ አየር ማናፈሻ ባሳተመው መጽሐፍ፥ በትልልቅ ወናፎች የመርከብን ውስጥ አየር መለወጥ እንደሚቻል ገለጸ። ቀጥቃጭ እሳቱን የሚያነድበትን መሣሪያ እርሱ ሰውን ለማዳን ተጠቀመበት።

ከዚያም በኋላ መርከበኞች ወናፍ ሳያስፈልግ ነፋሱ ራሱ እንዲሠራ ማድረግን ተማሩ፤ አንዱን የአየር አፍ ወደ ነፋሱ፥ ሌላውን ከነፋሱ ዞር አድርገው በመትከል በአንዱ ሲገባ በሌላው እንዲወጣ አደረጉ። በ1930 በአሜሪካ የተሠራች ዶራድ የተባለች ባለ ሸራ ጀልባ ደግሞ በአየሩ መግቢያ ላይ አንድ ሣጥን ተበጀላት። አየሩ በሣጥኑ በአንድ ወገን ይገባል፤ ወደ ክፍሉ የሚያወርደው ቧንቧ ግን በሌላው ወገን ከሣጥኑ ወለል ከፍ ብሎ ተተክሏል። ውኃ ከአየሩ ጋር ቢገባ ከባድ ስለ ሆነ በሣጥኑ ወለል ላይ ወድቆ በጐን ቀዳዳ ይፈስሳል፤ አየሩ ግን ዞሮ ይገባል። ይህ ሣጥን እስከ ዛሬ ድረስ በመርከቢቱ ስም ይጠራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለደጋ ቤትም ይበቃል፤ አየር በጠማማ መንገድ መሄድ ይችላል፥ ዝናም ግን አይችልም።

ይህ ትምህርት በደጋ ቤት ላይ እንዲህ ይፈጸማል።

አንደኛ፥ መውጫው ከሁሉ በላይ ባለው ስፍራ ይደረግ። የሞቀ አየር ቀላል ስለ ሆነ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታች የሚደረግ መውጫ አይጠቅመውም። በቆርቆሮ ቤት ሁለቱ ክዳኖች በሚገጥሙበት ጫፍ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ስፍራ ተትቶ ከበላዩ ዝናም እንዳይገባ ከፍ ያለ ሌላ ቆርቆሮ ይደፋበት። ኮርኒስ ያለበት ቤት ከሆነ ኮርኒሱም በዚያው አንጻር ይከፈት። በሣር ቤት ከጕልላቱ ዝቅ ብሎ ነፋስ በማይመጣበት ወገን ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር የሆነ መውጫ ይበጅና እንደ ቆብ ያለ ክዳን ይደረግለት። ነፋሱ ከወዴት እንደሚበረታ በየመንደሩ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸውና መውጫው ከመቈረጡ በፊት ይጠየቁ።

ሁለተኛ፥ መግቢያው በግድግዳው ላይ ከመውጫው ዝቅ ብሎ፥ ከመኝታውም ራቅ ብሎ ይሁን። ቀዳዳው ከጕልበት ከፍታ ላይ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ብሎ ይበሳ፤ እንዲህ ሲሆን ዝናም ቢመታው ወደ ውጭ ይፈስሳል። ከውስጥ በኩል በቀዳዳው ፊት ከግድግዳው ጋር የተያያዘ፥ እስከ ደረት ከፍታ የሚደርስ፥ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ የጭቃ ወይም የጣውላ ሣጥን ይሠራ። ቀዝቃዛው አየር በቀዳዳው ገብቶ በሣጥኑ ውስጥ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ከሞቀው አየር ጋር ተቀላቅሎ ይበተናል እንጂ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ በመደብ ላይ የተኛውን ሰው አይመታውም። አይጥ እንዳይገባበት ቀዳዳው በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

ሦስተኛ፥ የሚቻለው ሰው ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ይለይ። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ መድኃኒት ነው። የማይቻለው ቢሆን ምድጃውን ከመካከል አንሥቶ ወደ ግድግዳው ያስጠጋና ከበላዩ የጢስ ማውጫ ያብጅ፤ ማውጫውም ከክዳኑ ከፍ ይበል። በሣር ክዳን ውስጥ የሚያልፍ የብረት ቧንቧ ግን ግሎ ቤቱን ሊያቃጥል ስለሚችል ሣር በከደነው ቤት አይደረግ። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ እንጨት ይቈጥባል፤ ጢስንም ይቀንሳል፤ ነገር ግን እርሱም መውጫ ከሌለው ቤት አያድንም።

አራተኛ፥ ከሰል በመኝታ ቤት ከሰው ጋር አይደር። ቡና ተፈልቶ ሰው ወደ መኝታው ሲሄድ ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ። መውጫና መግቢያ የተደረገለት ቤት እንኳ ከዚህ ደንብ ነጻ አይደለም።

አምስተኛ፥ በትምህርት ቤት መስኰቶች በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ይሁኑ፤ በአንድ ወገን ብቻ ያለ መስኰት አየሩን አያሻግረውም። የሚከፈተው የመስኰት ስፋት ቢያንስ ከወለሉ ስፋት ከ20 እጅ አንድ እጅ፥ ቢቻል ከ10 እጅ አንድ እጅ ይሁን፤ ከላይ ለተጠቀሰው 56 ሜትር ካሬ ወለል ይህ ከ2.8 እስከ 5.6 ሜትር ካሬ ይሆናል። በብርድ ጧት የላይኛው መስኰት ብቻ ይከፈት፤ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ግን ሁሉም ተከፍቶ አየሩ ፈጽሞ ይለወጥ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች በዚህ ነገር ላይ ተቃውሞ ቢያነሡ ተቃውሟቸው ከንቱ አይደለምና በትዕግሥት ሊሰማ ይገባዋል። «ጢስ ሣሩንና እንጨቱን ከምስጥና ከብል ይጠብቃል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጢሱ ወደ መውጫው ሲሄድ በክዳኑ ሥር ማለፉ አይቀርም፤ የሚለየው ወርዶ በሰው ዓይንና ሳንባ ላይ አለመተኛቱ ነው። «ነፋስ ይመታል» ይላሉ። ለዚህ መልሱ ነፋሱን ከሰው አካል አርቆ ማሳለፍ ነው፤ ቀዳዳው በሚገባ ስፍራ ከተደረገ ነፋሱ የሚመታው ጢሱን እንጂ ሰውን አይደለም። ሙቀትም ቢሆን በልብስና በመኝታ ይጠበቃል፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ሙቀት ይሰጣሉ፥ አየር ግን አይበሉም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የአራስ ቤት ነው። አራስዋ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በሩ ይዘጋል፥ መጋረጃ ይጋረዳል፥ እሳቱ ሌሊትና ቀን ይነዳል፥ እንግዳም ይሞላል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የተነሣ ነው። ነገር ግን ትልቅ ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ሲተነፍስ አዲስ የተወለደ ሕፃን 40 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ሳንባውም ገና ለጋ ነው። በዚያ ቤት ካለው ሰው ሁሉ ጢሱ አብልጦ የሚጐዳው ሊጠብቁት የተሰበሰቡለትን ሕፃን ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ ይሸፈኑ፥ ይሙቁም፤ እሳቱ ግን ከሌላ ክፍል ወይም ከውጭ ይሁን፤ ከሰልም ፈጽሞ አይግባ። ይህን ለማስረዳት ከመምህሩ ይልቅ የአያቶችና የሽማግሌዎች ቃል ይሰማል።

መምህሩ ደግሞ ነገሩን በቃል ብቻ ሳይሆን በሚታይ ነገር ያስተምር። የመጀመሪያው ፈተና በሻማ ነው። የበራ ሻማ በጠረጴዛ ላይ ቆሞ ብርጭቆ ይደፋበት፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። እንደ ገና በርቶ ትልቅ ብርጭቆ ቢደፋበት ቆይቶ ይጠፋል። ልጆቹ ጊዜውን በሰዓት ቈጥረው ይጻፉ፤ ቤት በጠበበ መጠን አየሩ ቶሎ እንደሚያልቅ ራሳቸው ይናገሩ። ሁለተኛው ፈተና በበር ላይ ነው። በብርድ ጧት እሳት የነደደበት ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ይከፈትና የሚጨስ እጣን አስቀድሞ ከበሩ ታች፥ ቀጥሎ ከበሩ ላይ ይያዝ። ከታች ሲያዝ ጢሱ ወደ ውስጥ፥ ከላይ ሲያዝ ወደ ውጭ ይሄዳል። ንጹሕ አየር ከታች፥ የሞቀው አየር ከላይ እንደሚሄድ ልጁ በዓይኑ አይቶ ለወላጆቹ ይነግራቸዋል።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አብሮ ይነገር። ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅን ሲያንስ ነው፤ የከሰሉን መርዝ ግን ሻማ አያሳይም። ሰውን ለመግደል የሚበቃ ካርቦን ሞኖክሳይድ ባለበት ቤት መብራት ሳይጠፋ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ «መብራቱ በርቷልና ቤቱ ደኅና ነው» የሚል ልጅ እንዳይኖር መምህሩ ይህን ደጋግሞ ይናገር።

ይህ ሁሉ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጭቃው ከደጅ ነው፥ ጣውላው ከባሕር ዛፉ ነው፥ ቀዳዳውን ለመብሳት መጥረቢያና መርቴሎ ይበቃል። የሚጠይቀው የሁለት ሰዎችን ስምምነት ነው፤ መምህሩ መጠኑንና ምክንያቱን ያውቃል፥ ሽማግሌው ነፋሱን፥ ቤቱንና የሰዉን ልብ ያውቃል። መምህሩ ብቻውን ቢናገር የልጅ ነገር ይባላል፤ ሽማግሌው ብቻውን ቢናገር ምክንያቱን ለልጆች ማስረዳት ይቸግረዋል። ሁለቱ ተስማምተው ክረምት ሳይገባ በግንቦት ወር በየመንደሩ አንድ ቤት መርጠው መውጫና መግቢያውን በሰው ፊት ቢያበጁለት፥ ጐረቤት ሁሉ በሐምሌ ገብቶ ያየዋል፤ ዓይኑ ካላነባ፥ ልጁም ካልሳለ፥ በሚመጣው ዓመት ሳይመከር ለራሱ ይሠራል።

የአገር ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። ትምህርት ቤቱ ራሱ ከሁሉ አስቀድሞ ይጀምር፤ መስኰቱ ተመሳሳይ ግድግዳ ላይ ያለ፥ ወይም በዕቃ የተደፈነ፥ ወይም መክፈቻው የተሰበረ ከሆነ በዚህ ሳምንት ይታይ፥ ይጠገንም። ልጅ በትምህርት ቤቱ ያላየውን ነገር በቤቱ እንዲያደርገው ማስተማር አይቻልምና።